ከሁለት ወገን የተቆፈረ ዋሻ

ኢያቄም ላሊበላ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስጎብኚ ሆኖ ሠርቷል። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ እንግዳ ሲመጣ ሲቀር ቆይቶ ጭራሽ ከጠፋ ወዲህ ግን ለሥራው ምስክር የሆነችው በአንገቱ የምትንጠለጠለው መታወቂያ ብቻ ናት። እሷን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ያጠልቃታል። ሚስቱ ገለቴ «ለማን ልታሳያት ነው? ለዶሮዎቹ?» ትለዋለች። ሸሚዙን ለብሶ፣ ጫማውን ጠርጎ እስከ ትኬት መቁረጫው ይሄዳል፤ እንደሱው ሸሚዝ ለብሰው ከሚጠብቁ ባልንጀሮቹ ጋር ትንሽ ቆሞ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ረጅም ነው።

ሰው ሥራ ሲፈታ ወይ ከሰው ይጣላል፣ ወይ ለዕድሜው የማይሆን ነገር ይወዳል። ኢያቄም ሁለቱም ደረሱበት። የወደደው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። የተጣላው ደግሞ ከገዛ ልጁ ጋር ነው፤ ያውም አንዲት ክፉ ቃል ሳይወጣቸው።

ልጁ ሰብሌ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ሲዘጋባት ጊዜ ደሴ፣ አክስቷ ጥሩነሽ ዘንድ ተላከች። ባለፈው ክረምት መጥታ ሁለት ወር ቤቷ ከረመች። ያን ጊዜ ነው አልጋ ሥር አቧራ ሲጠጣ የኖረውን ላፕቶፕ ያወጣችው። ከዓመታት በፊት አንድ እንግዳ ለኢያቄም ትቶለት የሄደ፣ ሊኑክስ በሚሉት በነጻ በሚገኝ ሥርዓት የሚሠራ አሮጌ ማሽን ነው። ጠረገችውና ከደሴ በፍላሽ ያመጣችውን ጨዋታ ጫነችበት።

ጨዋታው አሸናፊም ተሸናፊም የለውም። ዓለሙ በሙሉ ከአራት ማዕዘን ድንጋይ፣ ከአፈርና ከውኃ የተሠራ ነው፤ ተጫዋቹ ይቆፍራል፣ ይከምራል፣ ልቡ ያሰበውን ይሠራል፤ በቃ። ኢያቄም መጀመሪያ «ይኼማ የልጆች የጭቃ ቤት ነው» ብሎ ሣቀ። ቆይቶ በላፕቶፑ መስኮት ውስጥ አንድ ትልቅ ተራራ ታየውና ሣቁን አቆመ። ሌላው ሰው ድንጋይ ሲያይ መከመር ያምረዋል፤ የላስታ ሰው ግን ቀድሞ የሚታየው የድንጋዩ ውስጥ ነው።

«ይኼን ተራራ ከላይ አንነካውም» አላት ልጁን። «ከውስጥ ነው የምንፈለፍለው።»

ክረምቱን ዝናብ ሲያስቀራቸው አባትና ልጅ ላፕቶፑ ላይ ተጎንብሰው ዋሉ። መስከረም ገብቶ ልትሄድ ሻንጣዋን ስታስር ሰብሌ እንዲህ አለች፦

«አንተ ከምዕራብ፣ እኔ ከምሥራቅ። አንተ እዚህ ሆነህ ትቆፍራለህ፣ እኔ ደሴ ሆኜ በራሴ ላፕቶፕ እቆፍራለሁ። ፍላሹ ያለበት ሰው ተረኛ ነው፤ ሌላው ይጠብቃል። መሃል ላይ ስንገናኝ አንድ ላይ ትልቅ ክፍል እንሠራለን።»

«ካልተገናኘንስ?»

«ከተገናኘን ለገና እመጣለሁ። ካልተገናኘን ገናን ደሴ እውላለሁ።»

እየሣቀች ነው ያለችው። ኢያቄም ግን እንደ ቀልድ አልያዘውም። ዓለም ለገና ወደ ላሊበላ ሲጎርፍ የላሊበላ ልጅ ደሴ ትውላለች ማለት ምን ማለት ነው? በዚያ ላይ ልጅቷ በክረምቱ «ቤት» ስትል የአክስቷን ቤት ማለቷ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ሰምቷታል። ሁለቱንም ጊዜ እንዳልሰማ ሆኖ አልፎታል። ልጁ ከእጁ እየወጣች እንደሆነ የሚያውቅ አባት ዋሻም ይሁን ገመድ የሚያገናኘውን ነገር አይንቅም።

ኢንተርኔት ስለሌለ ጨዋታው የሚመላለሰው በፍላሽ ነበር። አመላላሹ ሳሊሕ ነው፤ ከደሴ በጋሸና በኩል እየዞረ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ገለቴ ለልጇ የምትልከውን ሽሮም የሚያደርስ የደሴ ሰው። አባቷ ፋይል መገልበጥ እንደማይሆንለት ስለምታውቅ ሰብሌ አንድ ስክሪፕት ጻፈችለት። ኮምፒውተሩ ከላይ እስከ ታች እያነበበ የሚፈጽማቸው ሃያ የማይሞሉ የትእዛዝ መስመሮች ናቸው። ስሙን «ግባ» አለችው።

«ጥቁሩን መስኮት ክፈትና "ግባ" ብለህ ጻፍ፤ ሌላውን እሱ ያውቃል። ፍላሹ ሲመጣልህ ከመክፈትህ በፊት ሰካው፤ ልትልክልኝ ስትል ደግሞ ከመዝጋትህ በፊት ሰካው። ከፍላሹና ከማሽኑ የቅርብ ጊዜ የሆነውን መርጦ በአሮጌው ላይ ይተካዋል። አንተ ምንም መገልበጥ የለብህም።»

«ሌላስ?»

«የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ ሞቷል፤ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ይጠይቅሃል። ዓመት፣ ወር፣ ቀን። የዛሬን ትጽፍለታለህ።»

ክረምቱን በሙሉ ቀኑን ስትሞላ የነበረችው ራሷ ናት። ኢያቄም የነገረችውን በወረቀት ጽፎ ላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጠፈው። ልጅቷ በማግሥቱ ሄደች።

መብራት በመጣ ቀን ሁሉ ይቆፍር ጀመር። ደግሞም የሚቆፍረው እንደ ልጅ አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ይህ ግድግዳ ስንት ክንድ ነው?» እየተባለ የተጠየቀ ሰው ድንጋይ ሳይቆጥር አያልፍም። ቁመቱን ሁለት፣ ወርዱን አንድ አድርጎ፣ ለውኃ መውረጃ ቦይ ትቶ፣ መዞሪያው ላይ ለመስኮት የሚሆን ቀዳዳ አውጥቶ በስምንት ቀን ከተራራው እኩሌታ አለፈ። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ድንጋዩ አለቀና አሸዋ ሆነ፤ አሸዋውን ሲነቅል በጨለማው ውስጥ የተኛ ኩሬ ተዘረገፈበት። ኩሬውን ዞሮ አለፈና ከምሥራቅ በኩልም ያው አሸዋ እንዳለበት አየ፤ ከተራራው አፍ ስንት ድንጋይ እንደሚርቅም ቆጥሮ ያዘ። ፍላሹን ሰክቶ ጨዋታውን ሲዘጋ ስክሪፕቱ እንደ ልማዱ «ጨርሻለሁ» ብሎ ጻፈለት። ዝምተኛ ስክሪፕት ነው፤ ምን እንደሠራ አይናገርም፤ ሠራም አልሠራም «ጨርሻለሁ» ነው የሚለው።

ሳሊሕ ፍላሹን ተቀብሎ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ከተተው። «አብሽር ኢያቄም፤ ወላሂ ከእጇ ነው የማደርሰው» አለ።

ከሳምንት በኋላ ፍላሹ ተመለሰ። ኢያቄም ሰካው፣ ቀኑን ሞላ፣ ገባ። ከምሥራቅ በኩል የልጁ ዋሻ አሥር አሥራ አምስት ድንጋይ ገፍቷል። ጎበዝ! ወደ ራሱ ወገን ዞሮ ሄደ። በር የለም። ቦዩም፣ መስኮቱም የለም። የተራራው ምዕራብ እጅ እንዳልነካው ድፍን ብሎ ቆሟል።

ልጄ ደፈነችው፣ ብሎ አሰበ።

ምን ቢሆንባት ነው? ጠማማ ሆኖባት ይሆን? መስኮቱ አላማራት ይሆን? መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም። አባት ተነሥቶ «ሥራዬን ለምን አፈረስሽብኝ?» ብሎ ልጁን ሊለምን ነው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን እንጀራም አይገባም።

እንደገና ከሥር ጀመረ። አሁን ቀጥ አድርጎ፣ ያለ መስኮት፣ እሷ ትወደዋለች ብሎ እንዳሰበው አድርጎ ቆፈረ። እዚያው ኩሬ ዘንድ ደረሰ፤ አሁን አካሄዱን ስላወቀበት የላይኛውን አሸዋ ብቻ ከፍቶ አየው። ፍላሹ ሄደ። ፍላሹ መጣ። የምዕራቡ ግድግዳ እንደገና ድፍን ነው።

በዚያ ሳምንት ስልክ ሠራ።

«ሥራሽን አየሁት» አላት።

«እኔም ያንተን አየሁት» አለችው።

«ጎበዝ ነሽ።»

«ካንተ ነው የተማርኩት።»

ኢያቄም ስልኩን ለገለቴ አቀበላት። ገለቴ ልጇን ስለ ጉንፋኗና ስለ ፈተናዋ ጠይቃ ከዘጋች በኋላ «ምን ሆናችኋል እናንተ? ርስት ተካፈላችሁ?» አለችው። «ምንም» አላት። ያኮረፈ ሰው ከዚህ ሌላ መልስ የለውም።

ሦስተኛውን የቆፈረው በእልህ ነው። ጠዋት መታወቂያውን አጥልቆ እስከ ትኬት መቁረጫው ይሄዳል፤ ማንም የለም፤ ይመለሳል። ላፕቶፑን ይከፍታል፤ ባለፈው ሳምንት የጨረሰውን ድንጋይ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። የገለቴ ወንድም ከኩልመስክ «ኑና አብረን እንረስ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» እያለ ሁለት ጊዜ ልኮባቸዋል። ኢያቄም መሄዱም መቀመጡም አልሆንለት ብሎታል። ቢሄድ እንግዳ የመጣ ዕለት ቦታው ይያዛል፤ ቢቀመጥ የሚመጣ የለም። ዋሻው ውስጥ ሲቆፍር አንዳንዴ ወደ ኋላው ዞሮ የገባበትን ብርሃን ያጣዋል። ቀና ሲል ያው ክፍል፣ ያው መስኮት፣ ያው ከተማ ነው። ታፍኛለሁ፣ አለ አንድ ቀን ጮክ ብሎ፤ ገለቴ ጓዳ ሆና ሰምታዋለች።

ሦስተኛው ፍላሽ ጥቅምት አጋማሽ አልፎ መጣ። የእሱ ሥራ እንደ ሁለቱ ጊዜ ደብዛው የለም። የልጁ ዋሻ ግን አዲስ ነገር ነበረው። ወደ እሱ በሚመጣው ጫፍ ላይ በጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ሠርታበታለች። ቀዳዳ እንኳ አልተወችለትም።

ኢያቄም ላፕቶፑን ዘግቶ አልጋው ሥር መለሰው። አለቀ።

ዘጠኝ ቀን ሳይነካው ቆየ። በዘጠነኛው ቀን ገለቴ ከልጇ ጋር በስልክ አውርታ ወደ ደጅ ወጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ለገና አልመጣም አለች።»

«መንገዱን ፈርታ ነዋ።»

«መንገዱን አይደለም። እያለቀሰች ነው ያወራችኝ። "አባዬ አንዲት ድንጋይ እንኳ አላነሣልኝም፤ ሦስት ጊዜ ባዶውን መለሰልኝ። ሰለቸሁት መሰለኝ፤ ምን ልሠራ ነው የምመጣው" አለችኝ።»

«አንዲት ድንጋይ?» ኢያቄም ተነሥቶ ቆመ። «ሦስት ጊዜ የደፈነችውን ማን የቆፈረው መስሏት ነው?»

«እኔን ምን ትጮህብኛለህ? እሷን በላት!»

ሊላት ደወለ፤ ኔትወርኩ ሄዷል። ሌሊቱን አልጋው ላይ ሲገላበጥ አደረ። ባዶውን መለሰልኝ ማለት ምን ማለት ነው? በማግሥቱ ጠዋት፣ መታወቂያውን እንኳ ሳያጠልቅ፣ ላፕቶፑን አውጥቶ ከፈተ። «ግባ» ብሎ ጻፈ። ማሽኑ ቀን ጠየቀው። ዕለቱ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ነው። 2018፣ 2፣ 29 ብሎ ሞላ።

«እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለው።

የተሳሳተ መስሎት ደግሞ ሞላ። የለም። እንዴት ነው ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ የሌለው? ትናንት ሃያ ስምንት ነበር፤ ነገ ሠላሳ ነው። ለመሞከር ያህል ሠላሳን ጻፈ። እሱም የለም። ሃያ ስምንትን ጻፈ፤ ማሽኑ ምንም ሳይል ተቀበለው።

ሁለተኛ ወር ሆኖ፣ ከሃያ ስምንት ወዲያ የማይሄድ ወር። ኢያቄም እጁን ከመጻፊያው አነሣ። ያን ወር ያውቀዋል። የእኛ ጥቅምት አይደለም፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እንግዳ ከመኪና በወረደ ቁጥር፣ የንግግሩ መክፈቻ አንድ ነበር፦ «እንኳን ደስ አላችሁ፤ አገራችን ስትገቡ ሰባት ዓመት ወጣት ሆናችኋል!» እንግዳው ይሥቃል። ከዚያ ስለ አሥራ ሦስቱ ወር፣ ስለ ጳጉሜን፣ ዘመን መለወጫው ለምን መስከረም እንደሆነ ቆሞ ያስረዳል። ስንት ሺህ ሰው አስረድቷል! ማሽኑ የፈረንጅ እንደሆነና የፈረንጅ ቀን እንደሚፈልግ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አልታየውም። የዛሬን ቀን ጻፍ ተባለ፤ የዛሬን ቀን ጻፈ። ለላስታ ሰው ዛሬ አንድ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼኔ ነው።

ስክሪፕቱን ራሱን ከፍቶ እያንዳንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። እንግሊዝኛውን ያውቀዋል። ከሁለቱ የቅርቡን ውሰድ፣ የሩቁን ተወው፤ ሰብሌ የጻፈችው ይኸው ነው። የእሷ ሥራ በ2025 የተመዘገበ ነው። የእሱ በ2018። ፍላሹ በተሰካ ቁጥር ማሽኑ በየዋህነት የአባትን ሥራ የሰባት ዓመት አሮጌ ነው ብሎ ያጠፋና የልጅን ይተካበታል። ሰብሌ አንድም ቀን አልደፈነችበትም። የተላከላት ሁሉ የራሷው ዓለም ነው፤ ሦስት ጊዜ ከፍታ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄዳ፣ እጅ ያልነካው ግድግዳ አይታ ተመልሳለች። ከዚያ ነው ጥቁሩን ድንጋይ የደረደረችው።

ኢያቄም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ገለቴ ገብታ ስታየው «ሞተ እንዴ የሆነ ሰው?» አለች ደንግጣ። ነገራት። ሁሉም አልገባትም፤ የገባት ግን በቂ ነበር። «አንቺ ንገሪያት ትለኝ ይሆናል ደግሞ» አለችው፤ «ራስህ ትነግራታለህ።»

ትክክለኛውን ቀን ሞልቶ ገባ። የሦስቱም ጊዜ ድካሙ ማሽኑ ላይም የለም፤ ተደምስሷል። ልቆፍርና ልላክላት ቢል ደግሞ ሳሊሕ ደውሎ መንገዱ ከጋሸና ወዲህ እንደተዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት አላህ ብቻ እንደሚያውቅ ነገረው። ልጁ ፊት የሚዘረጋው አንዲት ድንጋይ እንኳ የለውም። በሕይወቱ እንዲህ እጅ እግሩ ታስሮ አያውቅም።

ኔትወርኩ ጸንቶ የቆመው እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ። ኢያቄም ላፕቶፑን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠና ደወለ። የሆነውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገራት። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ስለ ዘመን አቆጣጠር ለፈረንጅ ሁሉ ስታስረዳ ኖረህ፣ አንተ ትሳሳታለህ?»

«ተሳሳትኩ።»

«እማዬ እንዳለቀስኩ ነግራህ ነው። እንዳይከፋኝ ብለህ ነው ይኼን የፈጠርከው።»

«ሰብሌ፣ እውነቴን ነው።»

«እሺ ምን ያህል ቆፍረህ ነበር? ላክልኝና ልየው።»

«ጠፍቷል። ሦስቱም የለም። መንገዱም ተዘግቷል።»

«እንግዲያው ተወው፣ አባዬ። ምንም አይደለም።» ድምፅዋ የእንግዳ ሰው ድምፅ ነበር። ኢያቄም ስልኩን ልትዘጋበት እንደሆነ ገባው።

«ቆይ» አላት። «ላፕቶፕሽን ክፈቺው። ግቢና ጥቁሩ ግድግዳ ፊት ቁሚ።»

«ለምን?»

«በእናትሽ፤ ክፈቺው።»

ብዙ ቆየች። በስልኩ ውስጥ የመጻፊያው ድምፅ ጠቅ ጠቅ ሲል ተሰማው። «ቆሜያለሁ» አለች።

«አፍርሺው። ፊት ለፊት ቆፍሪ። ግራ ቀኝ አትበዪ፤ አሥራ አንድ ድንጋይ ነው። ጮክ ብለሽ ቁጠሪ።»

መቁጠር ጀመረች። መጀመሪያ በስልቹ ድምፅ፣ ሰባት ስምንት ላይ ስትደርስ ግን ቀስ እያለች። ኢያቄም ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ እየቆጠረ ተከተላት።

«አሥራ አንድ» አለች።

«አሁን ፊትሽ ያለው ድንጋይ አይደለም። አሸዋ ነው።»

«አሸዋ ነው» አለች።

«የላይኛውን ብቻ ክፈቺ። የታችኛውን እንዳትነኪ፤ ውኃ አለ፣ ይመጣብሻል። ከፈትሽ?»

«ከፈትኩ።»

«መብራት ያዢና ወደ ውስጥ ተመልከቺ። ኩሬ ነው። በስተግራ ጣሪያው ላይ ሦስት ቢጫ ድንጋይ ጎን ለጎን አለ።»

ከደሴ በኩል ምንም ድምፅ አልመጣም። መስመሩ የተቆረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው፤ አልተቆረጠም። መልሶ ሲይዘው ልጁ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማት።

«አባዬ» አለች፤ «እዚህ ድረስ መጥተህ ነበር?»

«ሦስት ጊዜ» አላት።